ከጌጡ ጋር የሚጠፋ መውጫ

በአምቦ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙት አዳዲስ ፎቆች መልካቸው ይመሳሰላል። ግራውንዱን ባንክ፣ ፋርማሲና ቡቲክ ይይዙታል፤ አንደኛ ፎቅ ላይ ካፌና ሬስቶራንት ይከፈታል፤ ከዚያ በላይ ክሊኒክ፣ የኮምፒውተር ማሠልጠኛና ቢሮ ይደረደራሉ፤ ከሁሉ በላይ ፔንሲዮን ይኖራል። ጊንጪም፣ ጉደርም፣ ባኮም የሚሠራው ይኸው ነው። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ታጥፎ በጀልዱ ደጋ ላይ በምትገኘው ጎጆም አቅም ያፈራ ሰው የሚመኘው ይህንኑ ዓይነት ሕንጻ ነው። ውጪው መስታወትና አልሙኒየም ስለሆነ ብዙ የሚለያይ ነገር የለውም፤ ባለቤቱም ሆነ ተከራዩ ልቡን የሚያፈስሰው የውስጡ ዲኮር ላይ ነው። ጂፕሰም ኮርኒስ፣ የእንጨት መልክ ያለው ኤምዲኤፍ፣ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ መስታወት፣ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አርቴፊሻል ሣር፣ በኮርኒሱ ጠርዝ የሚዞር የኤልኢዲ መብራት ይገባል። በዚህ ሁሉ መካከል ሕንጻው ለሚጠቀመው ሰው ሁለት ነገር ብቻ መናገር አለበት፤ በየት በኩል እንደሚወጣና የእሳት ማጥፊያው የት እንዳለ። ዲኮሩ ግን እነዚህን ሁለት ምልክቶች ብዙ ጊዜ እንደ እድፍ ይደብቃቸዋል፤ ካልሆነም እንደ ጌጥ ከግድግዳው ጋር ያዛምዳቸዋል። ሁለቱም አያያዝ ውጤቱ አንድ ነው፤ ምልክቱ ምልክት መሆኑ ይቀራል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ጌጡ ለምልክቱ መንገድ ይልቀቅ እንጂ ምልክቱ ለጌጡ አይገዛ የሚል ነው። ይህን ማድረግ ደግሞ ከውበቱ የሚቀንሰው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ነገሩ ለአገራችን ከተሞች አዲስ የሆነበት ምክንያት አለው። አባቶቻችን የኖሩበት ቤት በሩ አንድ ነው፤ እንግዳም ቢሆን የገባበትን አይስተውም። በመንገድ ዳር ተደርድረው የሚገኙት የቆርቆሮ ሱቆችም ፊታቸው በሙሉ ክፍት ስለሆነ ሁለት እርምጃ ወደ አስፋልት ያወጣል። ባለ አራት ፎቅ የንግድ ሕንጻ ግን ኮሪደር አለው፣ መታጠፊያ አለው፣ ከፊትና ከኋላ ደረጃ አለው፣ በፓርቲሽን የተከፋፈሉ ክፍሎች አሉት። የሚገባበትም ሰው ሕንጻውን አያውቀውም። በገበያ ቀን ገንዘብ ሊያስቀምጥ ወደ ባንክ የመጣ የጀልዱ ገበሬ፣ ልጅዋን አዝላ ክሊኒኩን የምትፈልግ እናት፣ ማታ ከአውቶብስ ወርዶ ፔንሲዮን የያዘ መንገደኛ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉም የሚያውቁት የገቡበትን በር ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ ከባዱ ችግር ነው፤ ሰው በእሳት ጊዜ የሚሮጠው ወደ ቅርቡ በር ሳይሆን ወደ ገባበት በር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው የማን ደሴት ሰመርላንድ የተባለው ትልቅ የመዝናኛ ሕንጻ ተቃጥሎ 50 ሰዎች ሞቱ። ጆናታን ሳይም የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከአደጋው የተረፉት ሰዎች የሰጡትን ቃል መርምሮ አንድ ልዩነት አገኘ። ሠራተኞቹ የሚያውቁትን የአደጋ መውጫ ሲጠቀሙ፣ እንግዶቹ ግን የአደጋ መውጫው ቢቀርባቸውም ወደ ዋናው መግቢያ ነበር የተመለሱት። ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003፣ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ስቴሽን በተባለ የምሽት ክበብ በተነሣው እሳት 100 ሰዎች ሞተዋል። ሌሎች መውጫዎች ነበሩ፤ አብዛኛው ሰው ግን የገባበትን የፊት በር መርጦ በሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ በሩ ላይ ተደራርቦ ወደቀ። እዚህ ላይ የመውጫ ምልክት ሥራው ግልጽ ይሆናል። ሰውየው ተፈጥሮው ወደሚያውቀው በር ሲስበው፣ «ሌላም አለ» ብሎ በዓይኑ ፊት የሚከራከረው ምልክቱ ብቻ ነው። ከግድግዳው ጋር በቀለምም በመልክም የተመሳሰለ ምልክት ይህን ክርክር ገና ሳይጀምረው ይሸነፋል።

«ሰው መቼ ምልክት ያያል?» የሚል ካለ፣ ተቃውሞው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የለንደኑ ግሪንዊች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ወደማያውቁት ሕንጻ አስገብተው አደጋ እንደተፈጠረ በማስመሰል ፈትነው ነበር። ምልክቱ ፊት ለፊታቸው ቢሆንም ያዩት 38 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ይዞ «እንግዲያው ምልክት ዋጋ የለውም» ማለት ይቀላል፤ ግን የዚያው ጥናት ሌላ ግማሽ አለ። ምልክቱን ያዩት ሰዎች ሁሉም በሚባል ደረጃ ታዝዘውታል። ተመራማሪዎቹ የምልክቱ ቀስት በብልጭታ እንዲንቀሳቀስ ሲያደርጉም ያዩት ሰዎች ቁጥር ወደ 77 በመቶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ የጎደለው የሰው ታዛዥነት አይደለም፤ የምልክቱ መታየት ነው። የተለመደው ምልክት ፊት ለፊት ሆኖ እንኳ ከአሥር ሰው ስድስቱ ካላየው፣ በወርቃማ አክሪሊክ ተቆርጦ በቡናማ ኤምዲኤፍ ላይ የተለጠፈውን ስንቱ ያየዋል?

ጌጥ መውጫን እንደሚደብቅ ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። በቺካጎ ከተማ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 የተቃጠለው አይሮኮይ ቴአትር ከተመረቀ ገና ስድስት ሳምንት ያልሞላው፣ በውበቱ የተመሰገነ፣ «እሳት አይደፍረውም» ተብሎ የተነገረለት አዳራሽ ነበር። ከመውጫ በሮቹ ብዙዎቹ በመጋረጃ ተሸፍነው ነበር፤ መውጫ መሆናቸውን የሚናገር ምልክትም አልነበራቸውም። መጋረጃውን ገልጠው በሩን ያገኙትም ቢሆኑ የመቀርቀሪያውን አከፋፈት አላወቁትም። ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። በቦስተን እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 1942 የተቃጠለው ኮኮናት ግሮቭ ደግሞ በሰው ሠራሽ የዘንባባ ዛፍና በጣራው በተወጠረ ጨርቅ የተንቆጠቆጠ የምሽት ክበብ ነበር። ጌጡ ራሱ ነደደ፤ ዋናው በር የሚሽከረከር ስለነበር በሰው ተጣበቀ፤ ከሌሎቹ በሮች አንዳንዶቹ ተቆልፈው፣ አንዳንዶቹም በዲኮሩ ተሰውረው ተገኙ። 492 ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም ቦታ የበር እጥረት አልነበረም። በሩን የሚናገር ነገር ነው የጠፋው፤ ያጠፋውም ቤቱን ለማሳመር የተደረገው ሥራ ነው።

ከእነዚህ አደጋዎች በኋላ የተጻፉት የደኅንነት ደንቦች ስለ ዲኮር በቀጥታ የሚናገሩት ለዚህ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር የሚያወጣው፣ በቁጥር 101 የሚታወቀው የሕይወት ደኅንነት ደንብ የመውጫ ምልክት ከዲኮሩ፣ ከግድግዳው ቀለምና ከሌሎች ማስታወቂያዎች ተለይቶ እንዲወጣ ያዝዛል። ምልክቱን የሚጋርድ ጌጥም ሆነ የቤት ዕቃ አይፈቅድም፤ ከምልክቱ አጠገብ ትኩረት የሚሰርቅ ደማቅ የንግድ መብራት እንዳይኖር ይከለክላል፤ በመውጫ በር ላይ መጋረጃ እንዳይንጠለጠል፣ መስታወትም እንዳይለጠፍ ያግዳል። የደንቡ ጸሐፊዎች ጠባብ አስተሳሰብ ያላቸው የውበት ጠላቶች አይደሉም። እያንዳንዱ አንቀጽ ከኋላው የሰው ሬሳ አለበት።

አሁን ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ራሳችን ካፌዎች እንግባ። ዛሬ በየከተማው ፋሽን የሆነው የአርቴፊሻል ሣር ግድግዳ ነው፤ በመካከሉ የቤቱ ስም በኒዮን መልክ ይበራል፣ ደንበኛም ከፊቱ ፎቶ ይነሣል። በዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አረንጓዴ የመውጫ ምልክት በአረንጓዴ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይዋጣል። በምዕራብ ሸዋ በብዛት የሚመረጠው የጥቁር፣ የቀይና የነጭ ቅንብር ሲሆን፣ ቀለሙ ለአካባቢው ሕዝብ ክብር ያለው በመሆኑ ማንም በግድግዳው ላይ ቢያየው ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ የእሳት ማጥፊያን ቦታ የሚያመለክተው ምልክት በዓለም ዙሪያ ቀይ ካሬ ላይ በነጭ የተሳለ ሥዕል ነው፤ ቀይና ነጭ በተፈራረቀበት ግድግዳ ላይ ሌላ የጌጥ ካሬ መስሎ ያልፋል። መፍትሔው የባህሉን ቀለም መተው አይደለም፤ ቀለሙ ማጥፊያው ከተሰቀለበት ቦታ ላይ ቢያንስ አንድ ሜትር ዘወር ይበልለትና ምልክቱ ባዶ ነጭ ወይም ግራጫ ሜዳ ያግኝ። ሦስተኛው መስታወቱ ነው። ጠባብ ቤት ሰፊ እንዲመስል ሲባል ከኮሪደሩ ጫፍ ትልቅ መስታወት ይቆማል። በመስታወት ውስጥ የሚታየው የመውጫ ምልክት ደግሞ ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ወደ ቀኝ የሚሮጠው ሰው ወደ ግራ ይሮጣል፣ ቀስቱም በተቃራኒው ያመለክታል። በሰላሙ ጊዜ ማንም ልብ አይለው ይሆናል። በጭስ ውስጥ ያለ ሰው ግን ያየውን ተከትሎ መስታወቱን ሊገጭ ይችላል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ምልክቱን በጽሑፍ ብቻ መሥራት ነው። የማስታወቂያ ሥራ ቤቶቻችን በሌዘር የተቆረጠ አክሪሊክ አሳምረው ያወጣሉ፤ ደንበኛው «መውጫ» የሚለውን ቅጥልጥል ባለ የእጅ ጽሕፈት መልክ እንዲሠሩለት ሲጠይቃቸው ያንኑ ይሠሩለታል። በአምቦና በጎጆ ግን ያ ጽሑፍ የሚያገኘው አንባቢ አንድ ዓይነት አይደለም። ከፊሉ የሚያነበው አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ነው፤ ከፊሉ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ነው፤ ከፊሉ ሁለቱንም ያነባል፤ ፊደል ያልቆጠረውም ጥቂት አይደለም። ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ሰሌዳ ላይ እንጻፍ ቢባል ፊደሉ አንሶ አንዱም ከሩቅ አይነበብም። በሩን አልፎ የሚሮጥ ሰው የሚያሳየው ነጭና አረንጓዴ ሥዕል የተወለደው ከዚሁ ዓይነት ችግር ነው። በጃፓን ኦሳካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 ሴኒቺ የተባለ የገበያ ሕንጻ ተቃጥሎ 118 ሰዎች ሞቱ፤ በማግስቱ ዓመት በኩማሞቶ ከተማ ታይዮ የተባለው የገበያ ሕንጻ ሲቃጠል ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። ሁለቱም የንግድ ሕንጻዎች እንጂ ፋብሪካ ወይም መጋዘን አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ለመውጫ ምልክት በተደረገ ውድድር ከ3000 በላይ ንድፎች ቀረቡ፤ ዛሬ የሚታወቀው ሥዕልም በዩኪዮ ኦታ መሪነት ተዘጋጀ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓለም አቀፉ ደረጃዎች ድርጅት ሥዕሉን ተቀበለው፤ ዛሬም የደኅንነት ምልክቶችን በሚዘረዝረው 7010 በተባለው ደረጃ ውስጥ ይገኛል። ኢትዮጵያም የድርጅቱ አባል ናት። እዚህ ላይ የዲኮር ባለሙያው «የራሴን ሯጭ ልሣል» ቢል የሚገጥመው ክልከላ ከቅናት የመጣ አይደለም። የመንገድ ዳር «ቁም» ምልክት በአጠገቡ ያለውን ቪላ እንዲመስል ቀለሙ አይቀየርም፤ ሾፌሩ ሳያስብ የሚያቆመው በየትም ቦታ አንድ ስለሆነ ነው።

ከሥዕሉ ቀጥሎ መጠን ይመጣል፤ ይኸኛው በሒሳብ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ ለክርክር አይመችም። ብርሃን ከውጭ የሚያርፍበት ምልክት የሚታይበት ርቀት የቁመቱ 100 እጥፍ ነው ተብሎ ይሰላል፤ ከውስጡ የሚበራው ደግሞ 200 እጥፍ። 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ተራ ምልክት እስከ 15 ሜትር፣ የሚበራው እስከ 30 ሜትር ያገለግላል ማለት ነው። «እንዳይጎላ» ተብሎ በአምስት ሳንቲ ሜትር የተሠራው ቆንጆ ስቲከር ከአምስት ሜትር ወዲያ ለእንግዳ ዓይን የለም። ኮሪደሩ 20 ሜትር ከሆነ ቀሪውን 15 ሜትር ሰውየው በግምት ይሄዳል። የቀለሙም ምርጫ ከሰው ዓይን የመጣ ነው። ብርሃን ሲደክም ዓይናችን ለቀይ ይዳከማል፣ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ላዘነበለው ብርሃን ግን ይነቃል። ምሽት ላይ ቀይ አበባ ጠቁሮ ቅጠሉ የሚጎላው ለዚህ ነው። መውጫው አረንጓዴ የሆነው እንግዲህ ለጌጥ ተመርጦ አይደለም፤ ወርቃማ መውጫም በመብራት የሚያምር፣ በጨለማ የማይኖር ነገር ነው።

ጨለማውን ካነሣን ዘንድ፣ በየከተማው የሚሰማው ትልቁ ተቃውሞ ይከተላል፤ «መብራት በሚጠፋበት አገር የሚበራ ምልክት ምን ይሠራል?» ይባላል። ተቃውሞው ትክክለኛ ነገር ይዟል፣ መደምደሚያው ግን የተገላቢጦሽ ነው። መብራት በማይጠፋበት አገርም እሳት ሲነሣ ኤሌክትሪክ ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ሥር ቦምብ ሲፈነዳ መብራቱ ጠፍቶ ሰዎች በጭስ በተሞላ ጨለማ ደረጃ ለሰዓታት ወረዱ። ከዚያ በኋላ ደረጃዎቹ ብርሃን ጠጥቶ በጨለማ በሚያበራ ቀለም ተቀቡ፤ ከመስከረም 2001ዱ (እ.ኤ.አ.) ጥቃት በኋላም የኒውዮርክ ከተማ ይህን ዓይነት ምልክት ለረጃጅም የቢሮ ሕንጻዎች ደረጃ በሕግ ግዴታ አደረገችው። የዛሬዎቹ ምልክቶች የሚሠሩበት ስትሮንቲየም አሉሚኔት የተባለው ቁስ ቀን የጠጣውን ብርሃን መብራቱ ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት በአረንጓዴ ፍካት ይመልሰዋል። ሽቦ አይፈልግም፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ጄኔሬተር እስኪነሣ አይጠብቅም። ለአምቦና ለጎጆ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ቴክኖሎጂ ማሰብ ይከብዳል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፤ ቀን ብርሃን ማግኘት አለበት። ድባቡ እንዲሞቅ ተብሎ መብራቱ በተዳከመ ኮሪደር ውስጥ የተሰቀለ እንደሆነ የሚመልሰው ብርሃን አይኖረውም። ጭስም መጀመሪያ የሚይዘው ጣራውን ነው፤ በኮርኒሱ ላይ የተሰቀለው ምልክት ቀድሞ ይሰወራል፣ በእምብርክክ የሚሄድ ሰው ዓይን ግን ከወለሉ አጠገብ ነው። ስለዚህ ከላይ ካለው በተጨማሪ ከግድግዳው ግርጌ የሚሄድ የሚያበራ መስመር ወይም ሁለተኛ ምልክት ያስፈልጋል። አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው በወለሉ የሚሄደውን የመብራት መስመር ያውቀዋል፤ ምክንያቱ ያው ነው።

የፔንሲዮንና የካፌ ባለቤቶች ደግሞ ሌላ ሐሳብ አላቸው። ምልክቱ እንግዳን ያስፈራል፣ እሳትንም ያስጠራል ይላሉ። ክፉን ያለመጥራት ልማድ በባህላችን ሥር ያለው ነው፤ በቀላሉ የሚሾፍበትም አይደለም። ግን እንግዳው በባንኩ በር ላይ ጠብመንጃ የያዘ ጥበቃ ሲያይ ሌባ መጣ ብሎ አይሸሽም፤ እንዲያውም ገንዘቡን በእምነት ያስገባል። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ተጓዥ ደግሞ በክፍሉ በር ጀርባ የመውጫውን ካርታ ማየት ለምዷል፤ ሲያጣው ነው የሚገረመው። ስለዚህ የሚያስፈራው ምልክቱ ሳይሆን አሠራሩ ሊሆን ይችላል። ጠርዙ የተላቀቀ፣ በጸሐይ የነጣ፣ አቧራ የለበሰ ስቲከር በእርግጥም የተተወ ቤት ያስመስላል። እዚህ ላይ የዲኮር ባለሙያው እውነተኛ ሥራ አለው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

«የኛ ሕንጻ ትንሽ ነው፤ ሦስት ፎቅ ምን አላት?» የሚለውም አይጸናም። የስቴሽን ክበብ ፎቅ አልነበረውም፤ ስድስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ግን በሙሉ በእሳት ተውጧል። የሕንጻ ማነስ የሚያሳጥረው የመውጫውን መንገድ ብቻ አይደለም፣ ጭሱ ቤቱን የሚሞላበትን ጊዜም ያሳጥራል። የውጭ ርዳታም ይታሰብ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ለመቆጣጠር፣ የተደራጀ የእሳት አደጋ ኮሚሽን ባለበት ዋና ከተማ እንኳ ሰዓታት ፈጅቷል፤ የመንገዱ ጥበት ሥራውን አስቸግሯል። አምቦ ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ጎጆ ደግሞ ከዋናው አስፋልት ወጣ ብላ ነው ያለችው። ርዳታው በራቀ መጠን ሰው በራሱ እግር የሚወጣበት የመጀመሪያው ደቂቃ ዋጋው ይጨምራል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የጓጉንቸሩ ክርክር ነው። የኋላው ደረጃ በፍርግርግ ብረት ተዘግቶ ይቆለፋል፤ ቁልፉ በጥበቃው ኪስ ነው፤ ጥበቃው በፊት በር ነው። ባለቤቱን «ለምን?» ብትሉት ሒሳብ ሳይከፍሉ የሚጠፉ ደንበኞችና ሌሊት የሚገቡ ሌቦች እንዳሉ ይነግራችኋል፤ እውነቱን ነው። በዚህ ዓይነት ሕንጻ ውስጥ ያማረ የመውጫ ምልክት መስቀል ከምንም የከፋ ነው። ምልክት የሌለው ሰው ወደ ፊት በር ሊሄድ ይችላል፤ ምልክቱን ያመነው ግን ከተቆለፈ ብረት ጋር ይፋጠጣል። በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1911 ትራያንግል በተባለው የልብስ ፋብሪካ 146 ሠራተኞች የሞቱት አንደኛው የመውጫ በር ተቆልፎ ስለነበር ነው፤ የመቆለፉም ምክንያት ሠራተኛ ጨርቅ ሰርቆ እንዳይወጣ የሚል ነበር። የስርቆት ስጋትና የሕይወት ደኅንነት ግን የግድ አይጋጩም። ከአይሮኮይ ቴአትር እሳት በኋላ የተስፋፋው፣ ከውስጥ በደረት እንኳ ሲገፉት የሚከፈት አግዳሚ ብረት ያለው በር ከውጭ እንደተቆለፈ ይኖራል፤ ሌባ አያስገባም፣ ሰው ግን ያስወጣል። ሒሳብ ሳይከፍል የሚሾልከውን ለመያዝ ደግሞ በሩ ሲከፈት የሚጮኽ ደወል ይበቃል። ይህን ማድረግ የማይችል ባለቤት ቢያንስ ሰው በሕንጻው ውስጥ ባለ ሰዓት ሁሉ ጓጉንቸሩን ያንሣ። ያን ካላደረገ ምልክቱን ያውርድ፤ በውሸት ከሚመራ ምልክት ባዶ ግድግዳ ይሻላል።

ስለ ማጥፊያው አጭር ነገር ልበል። ቀይ ሲሊንደሩ የዲኮሩን ቀለም ያበላሻል ተብሎ ከሪሴፕሽኑ ባንኮኒ ሥር ይገባል፣ ወይም ከግድግዳው ጋር ተመሳሳይ በሆነ የኤምዲኤፍ ቁም ሣጥን ይዘጋበታል። ማጥፊያ እጀታው ከወለል ከአንድ ሜትር ተኩል ሳይበልጥ፣ በመውጫ መንገድ ላይ፣ ከላዩ ቀዩ ምልክት ከሩቅ እንዲታይ ሆኖ መሰቀል አለበት። ቁም ሣጥን የግድ ከሆነ ፊቱ መስታወት ይሁን፣ ቁልፍም አይኑረው። ዓይነቱም በጉልህ ይጻፍ፤ በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ወይም በሚነድ ዘይት ላይ የውኃ ማጥፊያ የሚረጭ ሰው ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ የሕዝብ መገልገያዎችንና ቁመታቸው ከ12 ሜትር የሚበልጡትን ጥብቅ ክትትል በሚሻው ምድብ «ሐ» ውስጥ አስገብቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ኃላፊነት በአሠሪው ላይ ጥሏል። ክፍተቱ የተፈጠረው በጊዜው ነው። ፕላን ሲጸድቅ ሕንጻው ባዶ ነው፤ ግድግዳውም ጥርት ያለ ነው። ዲኮሩ የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ ተከራይ ፎቁን ባዶውን ተረክቦ ፓርቲሽን ሲያቆም ነው። በፕላኑ ላይ ወደ ኋላ ደረጃ የሚወስደው ኮሪደር የአንድ ካፌ መጋዘን ይሆናል፤ ምልክቱም ከአዲሱ ጂፕሰም በስተጀርባ ተቀብሮ ይቀራል። ባለቤቱ «የተከራዩ ጉዳይ ነው» ይላል፤ ተከራዩ «ሕንጻው የኔ አይደለም» ይላል። በእኔ ፍርድ ኃላፊነቱ ከባለቤቱ አይወርድም፤ ኮሪደሩና ደረጃው የሁሉም ተከራይ የጋራ መንገድ ነውና አንዱ ተከራይ በዲኮሩ ሊዘጋው መብት የለውም። ተከራዩም በበኩሉ አሠሪ ስለሆነ አስተናጋጆቹ በየት እንደሚወጡ የማሳየት ግዴታ አለበት።

ለዲኮር ባለሙያው ቃል የገባሁትን ልመልስ። የምልክቱ ሥዕል፣ ቀለም፣ መጠንና ቦታ የእርሱ አይደሉም፤ ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ የእርሱ ነው። ጥርት ባለ አክሪሊክ ተሠርቶ ከጠርዙ ብርሃን የሚሰጠው ምልክት በማንኛውም ዘመናዊ አዳራሽ ውስጥ ያምራል። ምልክቱን ከነሐስ ወይም ከጥሩ እንጨት በተሠራ ክፈፍ ማስቀመጥ፣ ክፈፉን ከበሩ ማዕከል ጋር ማስተካከል፣ በሁሉም ፎቅ በአንድ ከፍታ መስቀል፣ በዙሪያው ያለውን ግድግዳ ጸጥ ማድረግ የጥሩ እጅ ምልክቶች ናቸው። የመውጫውን በር ራሱን ከግድግዳው በተለየ ቀለም መቀባትም ይቻላል፤ በሰላሙ ጊዜ የዲኮሩ አካል ይሆናል፣ በአደጋው ጊዜ በር መሆኑ አይጠፋም። የኦዳውን ዛፍ በሪሴፕሽኑ ግድግዳ ላይ፣ የባህሉን ቀለም በወንበሩና በመጋረጃው ላይ ማድረግ የሚከለክለው የለም። የምልክቱ ሥራ ከግድግዳው መለየት ነው፤ ጎበዝ ባለሙያ ይህን ልዩነት አስቦበት ያስቀምጠዋል።

ሕንጻ ያለዎት ወይም ፎቅ የተከራዩ ከሆነ ሁለት ነገር ያድርጉ። ለዲኮር ባለሙያው ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት «የመውጫና የእሳት ማጥፊያ ምልክቶች ሥዕል፣ ቀለም፣ መጠንና ቦታ በዲኮሩ ሥራ አይቀየሩም፣ አይጋረዱም» የሚል አንድ መስመር በውሉ ውስጥ ያስገቡ። ቤቱ ተሠርቶ ያለቀ ከሆነም ዛሬ ማታ ደንበኛ ከወጣ በኋላ መብራቱን በሙሉ ያጥፉ፤ ከመግቢያው በጣም ከራቀው ጠረጴዛ ተነሥተው ወደ ኋላው ደረጃ ይሂዱ፤ በሩንም ያለ ቁልፍ ለመክፈት ይሞክሩ። ምልክቱ ካልታየዎት ወይም በሩ ካልተከፈተልዎት፣ ነገ ጠዋት ሱቁን ከመክፈትዎ በፊት ያስተካክሉት።